አፈር የከለከልሁት ድንች

አራት ዓመት ሙሉ የተማርሁት ስለ አፈር ነው። አፈር በጣቴ አሽቼ ሸክላማ ይሁን አሸዋማ መለየት፣ ጉድጓድ አስቆፍሬ ገብቼ ንብርብሩን መለካት፣ ቀለሙን ከመጽሐፍ ጋር ማመሳከር እችላለሁ። ይህን ሁሉ አውቄ ንፋስ መውጫ ስመደብ መሥሪያ ቤቴ ችሎታዬን በሚገባ አጤነና ያለ አፈር የሚካሄድ እርሻ ባለሙያ አደረገኝ። ቅር አላለኝም ብዬ አልዋሽም። ግን ደመወዙ ያው ነው፤ ወንበሩም ያው እግሩ የተሰበረው ወንበር ነው።

ነገሩ ሃይድሮፖኒክስ ይባላል። ተክሉ አፈር አያይም፤ ሥሩ ማዳበሪያ በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ፣ ወይም ያንን ውሃ በሚይዝለት ሌላ ነገር ላይ ያድጋል። ያንን ሌላ ነገር ማብቀያ እንለዋለን። ይህን የተማርሁት አንድ ትልቅ ከተማ ሆቴል ውስጥ ነው። ሳምንት ሙሉ ምንጣፍ በተነጠፈበት አዳራሽ ተቀምጠን፣ ነጭ ቱቦ ላይ የተደረደረ ሰላጣ በስክሪን ስናይ ከረምን። አሠልጣኙ ጥያቄ ካለ ሲል እጄን አወጣሁና «መብራት ሲጠፋስ?» አልሁት። «ጄኔሬተር» አለኝ። «ጄኔሬተር ከሌለስ?» ስለው የሻይ ሰዓት ደረሰ።

ተመልሼ የመሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ማሳያ ሠራሁ። ነጭ ቱቦ፣ ፓምፕ፣ ሰላጣ፤ ልክ በስክሪን እንዳየነው። በምርቃቱ ቀን ባነር ተሰቀለ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ እንግዶቹ በየተራ ከሰላጣው ጋር ፎቶ ተነሡ። ሰላጣ እበላለሁ ያለ ሰው ግን አልተገኘም። በዚያው ሳምንት መብራት ዓርብ ሄዶ ሰኞ ተመለሰ፤ ሰላጣው ግን አልተመለሰም። ኃላፊዬ በሪፖርቱ ላይ «ዘርፈ ብዙ ተሞክሮ የተቀሰመበት» ብሎ ጻፈ። የተቀሰመው ተሞክሮ መብራት እንደሚጠፋ ነበር፤ ይህንን ደግሞ የንፋስ መውጫ ሰው ሁሉ ያለ ሥልጠና ያውቀዋል።

አጎቴ የመጡት ያን ሰሞን ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ቄስም ናቸው፣ ገበሬም ናቸው። እናቴ በልጅነቴ ስትሞትብኝ ያሳደጉኝ እሳቸውና አክስቴ የምላቸው ባለቤታቸው ናቸው። በጉብዝናቸው ወራት እዚሁ ጋይንት ባለችው ቤተ ልሔም ድጓ ሲማሩ ስለኖሩ በዓላቱ በየትኛው ዓመት በየትኛው ዕለት እንደሚውሉ እንደኔ ስልክ ሳይከፍቱ ጣታቸውን ቆጥረው ይናገራሉ። የደረቀውን ሰላጣ ቆመው አዩት።

«ይኼ ምንድን ነው ልጄ?»

«ሰላጣ ነበር፣ አባ።»

«ነፍስ ይማር» አሉ።

ከዚያ የመጡበትን ነገር አወጡ። ቤታቸው ሥር ያለው የድንች ማሳ ታሟል። ጠዋት ደህና ያዩት ተክል ማታ አንገቱን ደፍቶ ያገኙታል፤ ድንቹ ሲቆረጥ ነጭ መግል ያወጣል። በሽታውን አውቀዋለሁ፤ አጠውልግ እንለዋለን። አፈር ውስጥ ይኖራል፤ በጫማ፣ በዶማ፣ በጎርፍ፣ ከሁሉም በላይ በዘር ይተላለፋል፤ መድኃኒት የለውም። አጎቴ ከላይ ጋራው ላይ ከገብስ በቀር ምንም ዘርተውበት የማያውቁት ንጹሕ ቁራሽ መሬት አላቸው። ያጡት ንጹሕ ዘር ነው። እሱ ደግሞ ከሩቅ ይመጣል፣ ዘግይቶ ይመጣል፣ ሲመጣም ለእንደሳቸው ያለ ሰው አይደርስም።

በኛ አገር ድንች ለጌጥ አይዘራም። ገብሱ ከጎተራ ሲያልቅ፣ አዲሱ ገና በእርጥቡ ሲያሸት፣ በክረምት ያለችውን የራብ ወቅት የሚያሻግረው ድንች ነው። አጎቴ ሁለት ክረምት ያለ ድንች ከርመዋል። ይህን አልነገሩኝም፤ የከሳው የአክስቴ ክንድ ነው የነገረኝ። እስከ ግንቦት ዘር ካልተገኘ ሦስተኛው ክረምት ይመጣል ማለት ነው።

«ይኼ ያለ አፈር ይበቅላል የምትሉት ነገር፣ እንዲያው ለድንች አይሆንም?» አሉኝ።

በሽታው የሚኖረው አፈር ውስጥ ከሆነ፣ አፈር የሌለበት ድንች አይታመምም። ሳምንት ሙሉ ሆቴል ውስጥ ተቀምጬ ያልመጣልኝን ሐሳብ ቆመው አመጡት። «ይሆናል!» አልሁ፤ የራሴ ሐሳብ አስመስዬ።

ጥቅምት ላይ ከምርምር ጣቢያ ጥቂት ንጹሕ ድንች ለምኜ አገኘሁና ሥራው አጎቴ ጓሮ ተጀመረ። ፓምፕ የሚባል ነገር እንዳላይ ምዬ ነበር። ከባሕር ዛፍ ጣውላ አራት ረጃጅም ገንዳ አስመታሁ፤ ውስጣቸውን ላስቲክ አለበስሁ፤ ትርፉ ውሃ እንዲወርድ ወደ አንድ ወገን አዘነበልኋቸው። በርሜሉን ደረት በሚደርስ የድንጋይ ካብ ላይ አወጣሁት፤ ከሥሩ በመርፌ የተበሳሳ ጎማ ዘረጋሁ። ከፍ ብሎ የተቀመጠ ውሃ ወደ ታች ለመውረድ መብራት አይጠይቅም። ይህን ታላቅ ግኝት ለመድረስ ዩኒቨርሲቲ መግባት ያስፈልግ ነበር። ማዳበሪያው ሳይሟሟ እየቀረ ቀዳዳዎቹን ሲደፍንብኝ ደግሞ አክስቴ አሮጌ ነጠላቸውን አምጥተው በርሜሉ አፍ ላይ አሰሩት። ከዚያ ወዲያ አልተደፈነም።

ቧንቧው ጠዋትና ማታ እንዲከፈት ፕሮግራም አወጣሁ፤ በሠንጠረዥ፣ በቀለም። አጎቴ ወረቀቱን ተቀብለው ራቅ አድርገው ይዘው አነበቡ።

«እሑድስ?»

«እሑድም ጠዋትና ማታ።»

«ማን ነው የሚከፍተው?»

«እርስዎ ነዎታ።»

«እኔማ በበዓል ሲያርስ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ በዐውደ ምሕረት ስገሥጽ የምውል ሰው ነኝ። ለመጠጥ ውሃ መቅዳት ሌላ ነው። ማጠጣት ግን እርሻ ነው። ሰው ቢያየኝ ምን እላለሁ፤ ሃይድሮ... ምን አልሽው?»

ተከራከርሁ። አክስቴ ይክፈቱ አልሁ፤ እሳቸውም ክርስቲያን ናቸው ተባልሁ። ቧንቧው በዋዜማው ተከፍቶ ይደር አልሁ፤ በርሜሉ ግን በግማሽ ቀን ውሃውን ይጨርሳል። ተናድጄ «እንግዲያው ድንቹም በዓል ያክብር!» ስል አጎቴ «ያክብር እንጂ» አሉና ጣታቸውን መቁጠር ጀመሩ። ሃያ ሰባት መድኃኔዓለም፣ ሃያ ስምንት አማኑኤል፣ ሃያ ዘጠኝ በዓለ ወልድ። እነዚህ ሦስቱ በየወሩ ተከታትለው ይመጣሉ። ክፉው ደግሞ ሃያ ሰባቱ ረቡዕ ሲውል ነው፤ ሦስቱ ዓርብ ላይ ያልቁና ቅዳሜ ሰንበት ይከተላል፣ እሑድ ደግሞ የወሩ መባቻ ልደታ ትሆናለች። «አምስት ቀን» አሉ። «አምስት ቀን ውሃ የሚይዝ ነገር ፈልጊለት።»

ማብቀያ ስለ መምረጥ ሥልጠናው ላይ አንድ ሙሉ ከሰዓት ተነግሮናል። የአሲድ መጠኑን፣ የአየር ቦታውን፣ የዋጋውን ነገር። ማብቀያው ከበዓለ ወልድ ጋር ይስማማ እንደሆነ ግን ማንም አላነሣም።

የዱቄት ወተት ጣሳዎች ሰበሰብሁ፤ ሥራቸውን በምስማር በስቼ በየአንዱ የተለያየ ማብቀያ ሞላሁ፤ አጠጥቼ ሳይነኩ ማቆየትና በየቀኑ ጣት ከትቶ እርጥበቱን ማየት ነው። መጀመሪያ ከሥልጠናው በክብር ያመጣሁት ኮኮፒት ገባ፤ የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ ነው፤ እንደ ጡብ ተጨምቆ ይመጣና ውሃ ሲጠጣ ይነፋል። ውሃ በመያዝ አንደኛ ነው። ጨው እንዳለበትና አስቀድሞ መታጠብ እንዳለበት የተነገረን ምናልባት በሻይ ሰዓት ይሆናል፤ የመጀመሪያው ችግኝ ጫፉ ተቃጥሎ ሞተ። ደግሞስ ጋይንት ላይ ኮኮናት ማን ተክሏል? የገብስ ገለባ ሞከርሁ፤ ሁለት ሳምንት በደንብ ይዞ ሸተተ፤ የተረፈውን ዶሮዎቹ ጨረሱት። የወንዝ አሸዋ ብቻውን ውሃውን ሲይዝ ይዞ አየር ስለማይሰጥ ሥሩ ይታፈናል። መንገድ ሠሪዎች ትተውት የሄዱት ቀይ ጠጠር አለ፤ ቀላል፣ ቀዳዳ ቀዳዳ የበዛበት። አየር ሞልቶታል፤ ውሃ ግን በማግሥቱ ይለቃል።

በመጨረሻ ሁለት እጅ ቀይ ጠጠር ከአንድ እጅ ታጥቦ ከተቀቀለ አሸዋ ጋር ቀላቀልሁ። አሸዋውን የቀቀልነው በሽታ ካለበት እንዲሞት በአክስቴ የድግስ ድስት ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ቄሱ ቤት አሸዋ ተቀቀለ እያለ ወሬ ያጣጥም ነበር። ድብልቁ አራት ቀን ያዘ። በአምስተኛው ቀን ደረቀ። ደጋግሜ ሞከርሁ፤ ያው አራት።

«አንድ ቀን ናት የጎደለችው» አልሁ።

«ትንሽ አፈር ብናስታቅፈውስ?» አሉ አጎቴ። ድንች ሲያድግ ከግንዱ ሥር አፈር ማስታቀፍ ከአባታቸው የተማሩት ነው፤ ድንጋይ ላይ የቆመ ድንች ማየት አንጀታቸውን ይበላቸው ነበር።

ጮኽሁ። ጮኽሁ ስል በእውነት ነው። አፈር ማለት በሽታ ማለት እንደሆነ፣ ከታመመው ማሳ የመጣ አንድ ጭብጥ አፈር ሁሉንም እንደሚገድል፣ በዚያ ማሳ ያለፈ እግር ሳይታጠብ ወደ ገንዳዎቹ እንዳይቀርብ፣ በዚያ ማሳ ላይ የወደቀ ድንች ከቶ ዘር እንደማይሆን ቆጠርሁላቸው። አጎቴ ቆመው ሰሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓሮው በር ላይ የእግር መታጠቢያ ማሰሮ ተቀመጠ፤ እኔን እንኳ ሳልታጠብ አያሳልፉኝም ነበር።

ድንቹ አደገ። የኅዳርን ውርጭ በላስቲክ እየሸፈንን አሳለፍነው። ታኅሣሥ ላይ ጠጠሩን በጣቴ ገለጥ ሳደርግ ሽምብራ የሚያህሉ ነጫጭ ድንቾች አየሁና ብቻዬን ሳቅሁ። ጥር ላይ ሊደርሱ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀራቸው የግማሽ ዓመት የሥራ አፈጻጸም ግምገማ ተጠራ። ሳምንቱን ሙሉ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠን ስለ ሥራ አወራን፤ ሥራው ደግሞ ውጭ ይጠብቀን ነበር። ለጉባኤው ክብር ሲባል ስልክ አጥፉ ተባልን። ያ ሳምንት ክፉው ሳምንት እንደሆነ፣ ሃያ ሰባቱ ረቡዕ እንደሚውል፣ እኔ ረስቼዋለሁ።

የካቲት አንድ እሑድ ረፋዱ ላይ አጎቴ ቤት ደረስሁ። ግቢው ጭር ብሏል፤ ሁሉም ለልደታ ቤተ ክርስቲያን ነው። ወደ ጓሮ ዞሬ ላስቲኩን ገለጥሁት። ቀዩ ጠጠር አይታይም። በአራቱም ገንዳ፣ በየግንዱ ሥር፣ በሥርዓት ተከምሮ ጥቁር አፈር ታቅፏል።

የታመመው ማሳ ከገንዳዎቹ ሠላሳ እርምጃ አይርቅም። ሌላ ማሰብ አላስፈለገኝም፤ ወይም ያኔ አላስፈለገኝም መሰለኝ። አራት ወር ለፍልፌ፣ ለምኜ፣ ጮኼ፣ በመጨረሻ ዘወር ስል ይህ! ከመጀመሪያው ገንዳ ጀምሬ መንቀል ያዝሁ። በሽታው ወደ ጎረቤት ማሳ እንዳይሄድ ብዬ እየነቀልሁ በከረጢት እየጎተትሁ ሁሉንም ወስጄ የታመመው ማሳ ላይ በተንሁት፤ በጫማዬ ረገጥሁት። ሥሩ ላይ ድንቾቹ ተንጠልጥለዋል፤ አንዳንዱ እንቁላል ያህላል፤ ብዛታቸው ከጠበቅሁት በላይ ነው። ቅጠሉም ለምለም ነበር። ውሃ ካገኘ አምስተኛ ቀኑ ነበርና ጠውልጎ መገኘት ነበረበት። ዓይኔ ይህን አይቷል፤ ጭንቅላቴ ግን ሥራ ላይ አልነበረም።

አራቱንም ገንዳ ባዶ ሳደርግ ቁጣዬ አልበረደም። ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጣሁና በስልኬ ለኃላፊዬ ሪፖርት ጻፍሁ። «በአርሶ አደሩ የግንዛቤ እጥረት ምክንያት ሙከራው ሊከሽፍ ችሏል።» ላክሁት። በስንቱ ሪፖርት ሳሾፍ የኖርሁ ሰው፣ ቃሉ እንዴት በቀላሉ እንደመጣልኝ።

አጎቴ ከቅዳሴ ተመለሱ። ነጠላቸውን እንዳጣፉ ጓሮ በር ላይ እግራቸውን ታጠቡና ገቡ፤ ገንዳዎቹን አዩ።

«ልጄ፣ ምን አገኘው?»

«አፈር ነዋ ያገኘው!» ብዬ ጀመርሁ። ያላልሁት የለም። ዕድሜያቸውን አላየሁም፣ ክህነታቸውን አላየሁም። ከእርስዎ ወደ አንተ አልወረድሁም፤ ያን ቀን የቀረችኝ ጨዋነት እሷ ብቻ ናት።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስሁ።»

«አፈሩ ከዚህ አይደለም። ከደብሩ ነው። ከጽዶቹ ሥር፣ ቅጠል ሲበሰብስበት የኖረ። ደብሩ ከተተከለ ማረሻ አልነካውም፤ ድንች የሚባል አይቶ አያውቅም። አለቃውን አስፈቅጄ ሰኞ በጀርባዬ አመጣሁት። ማክሰኞ አክስትሽ በዚያው ድስት ቀቀለችው፤ አንቺ አሸዋውን እንዳደረግሽው። እጄንም ታጥቤ ነው ያለበስሁት።» ወደ ባዶዎቹ ገንዳዎች ተመለከቱ። «ጠጠርሽ አራት ቀን ነው የሚይዘው። ይህ አምስት ነበር። ልጠይቅሽ ስልክሽን ሞከርሁ፤ አይሠራም አለኝ።»

በበሽታ ያልተነካ፣ ታርሶ የማያውቅ፣ የተቀቀለ፣ ውሃ የሚይዝ ማብቀያ። አራት ወር የፈለግሁት እሱን ነበር። ድስቱ እንኳ ከደጅ ተደፍቶ፣ ጥላሸቱ ገና ሳይታጠብ፣ ስገባ አልፌዋለሁ። ወደ ማሳው ሮጥሁ፤ የበተንሁትን ልለቅም። ጉልበቴ ላይ ወድቄ ማንሣት ስጀምር አጎቴ ከድንበሩ ላይ ቆመው ተጣሩ። አንድ እርምጃ አልገቡም።

«ተይው። እዚያ የወደቀ ዘር አይሆንም ብለሽኛል።»

እኔ ያስተማርሁትን ሁሉ ይዘውታል። የግንዛቤ እጥረት የነበረበት ሰው ማን እንደሆነ ከጉልበቴ ሳልነሣ ገባኝ፤ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ተነሥቼ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ተመለስሁ፤ ለኃላፊዬ ደወልሁና ሪፖርቱ ሐሰት ነው፣ የነቀልሁት እኔ ነኝ አልሁት። «ተረጋጊ» አለኝ። «አገላለጹ ጥሩ ነው፤ ለበላይ አካል ልኬዋለሁ።»

አክስቴ እንቅብ ይዘው መጡ። ከማሳው ላይ አንድ በአንድ ለቀሙ፤ ለዘር ባይሆን ለምግብ ይሆናል። አጥበው ቀቀሏቸው። ሦስታችን በአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀመጥን፤ ነጫጭ፣ ቆዳቸው ስስ፣ ያን ግንቦት ጋራው ላይ ሊተከሉ የነበሩት ድንቾች ጨው ተነስንሶባቸው ያጨሳሉ። ሁለቱም ስለ ክረምቱ አላነሡም። አጎቴ ባረኩ። ትልቁን መረጡና ልጠው ወደኔ ዘረጉት። አልተቀበልሁም።

«ብዪ እንጂ ልጄ፤ ደክመሽበታል» አሉኝ።

ሽሙጥ መስሎኝ ቀና ብዬ ፊታቸውን አየሁ። ሽሙጥ አልነበረም። ተቀብዬ በላሁ።